የስድስቱ መስኮች ስም

ሴናራ ስህተቱን ያየችው የውሃውን ጎማ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ የመስኩን በር በዳሌዋ ስትገፋ ነበር። በሩ ላይ የተቸነከረው ሰሌዳ «ፓርክ አን ፌንተን» ይላል፤ በአገሩ አሮጌ ቋንቋ የምንጭ መስክ ማለት ነው። ፊደሎቹን በነጭ ቀለም የጻፈቻቸው ራሷ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ በር ስትወጣ ስትገባ ከርማለች። አሁን ግን ከጓሮው ቧንቧ እስከ ልጇ ካራቫን፣ እስከ ተጎታቹ ቤት ድረስ ውሃ ለማድረስ እየታገለች፣ ቀና ብላ አነበበችውና ባለችበት ቀረች።

የምንጭ መስክ ከሆነ ውሃ የምጎትትለት ለምንድን ነው?

ካገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እዚህ መስክ ላይ ጠብ ያለ ውሃ አላየችም። በበጋ ባሏ ክሌም ለበጎቹ በትራክተር ነው የሚያመላልሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ሴናራ ግን ስልክ ሲጮህ ከማንሳቷ በፊት ማን እንደሞተ በልቧ የምትቆጥር ሴት ናት። ጎማውን መሬት ላይ ጥላ ማሰብ ጀመረች፤ ማሰብ ስትጀምር ደግሞ እጇ ይበርዳታል።

እርሻቸው እንደ መቀነት ቀጭን ነው፤ ከመንገዱ ዳር ካለው ቤት ተነሥቶ ባሕሩ ላይ እስካፈጠጠው ገደል ይወርዳል። ስድስት መስኮች እንደ ደረጃ አንዱ ከአንዱ በታች ተቀምጠዋል። በድሮ ስማቸው ሲጠራቸው የኖረው አማቷ ዲጎሪ ብቻ ነበር። ክሌም «የላዩ»፣ «የበሬው»፣ «የታችኛው» ብሎ ያልፋቸዋል። ሄድራ፣ ልጃቸው፣ ማታ ማታ መንደር አዳራሽ እየሄደች አሮጌውን ቋንቋ መማር ስትጀምር አያቷ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ ስሞቹን በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፈች፤ የየስሙንም ትርጉም እየጠየቀች ጻፈች። በሁለተኛው ሳምንት ዲጎሪ ሞተ። በበጋው የሄድራ ባል ራስል ሰሌዳዎቹን ቆረጠ፣ ሴናራ ቀለም ቀባች። ሄድራ ምጥ ላይ ሳለች ጭንቀቱን የሚረሳበት ነገር ያጣው ራስል መዶሻውን አንሥቶ ሰሌዳዎቹን ሰቀላቸው፤ የመጀመሪያውን ስም ለቤቱ ቅርብ በሆነው በር፣ ሁለተኛውን ከሱ ቀጥሎ፣ እንዲህ እያለ እስከ ገደሉ።

አምስተኛው ስም «ፓርክ አን ዌል» ነው። ይህን ቃል ለማወቅ የማታ ትምህርት አያስፈልግም። በዚህ አገር ጭስ ማውጫው የፈረሰ አሮጌ የቆርቆሮ ማዕድን ማውጫ ሁሉ ከስሙ በፊት ዌል የሚል ቃል አለው። ትርጉሙ ሥራ ነው። የድሮ ሰዎች ጉድጓድ አላሉትም፤ ሥራ አሉት። ሄድራና ራስል ካራቫናቸውን ባሕሩ ወለል ብሎ በሚታይበት በአምስተኛው መስክ እናቁም ሲሉ የጮኸችው ሴናራ ነበረች። «ሰሌዳውን እያያችሁት? ልጅ ይዛችሁ ጉድጓድ ላይ?» አለቀሰች፣ አኮረፈች፣ ሁለት ቀን እህል አልቀምስም አለች። በመጨረሻ ክሌም መሮት ካራቫኑን በትራክተር ጎትቶ ከቤቱ ሁለተኛ በሆነው መስክ አቆመላት። ምንጭ ምን ያደርጋል? ምንጭ ማንንም አይውጥም። ቤት ቢሠሩ ኖሮ የማዕድን ፍተሻ ወረቀት ይጠየቁ ነበር። ለካራቫን ማንም ወረቀት አይጠይቅም።

ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘንቧል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሄድራ፣ ራስልና የአምስት ወሩ ታልዊን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የሚያድሩት ዛሬ ነው።

ሄድራ የሳህን ካርቶን ታቅፋ ከካራቫኑ ደረጃ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ ጎማውን ጭቃ ላይ ጣልሽው እኮ!»

«ፌንተን ምን ማለት ነው?»

«ምንጭ።»

«የታለ?»

«ምኑ?»

«ምንጩ ነዋ! የታለ?»

ሄድራ ሳቀች። «ደርቋል በቃ። ስሙ ስንት መቶ ዓመቱ ነው። ቋንቋው ራሱ ሞቶ ተነሥቷል፤ አንድ ምንጭ ቢደርቅ ይገርምሻል?»

«ከዚህ ቀጥሎ ያለውስ? ፓርክ ቢየን?»

«ትንሹ መስክ።»

«ከስድስቱ ሰፊው እሱ ነው፣ ሄድራ። አባትሽ ሣሩን አጭዶ ለመጨረስ ሁለት ቀን የሚፈጅበት።»

ሄድራ ወደ ታች አየት አደረገች፤ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ካቦቹን አፍርሰው አቀላቅለውት ይሆናላ። ስም ከካብ ይበልጣል፣ መምህራችን ሁልጊዜ የሚለው ነው። እማዬ፣ በናትሽ፣ ዛሬ እንኳ።»

ራስል ሕፃኑን ደረቱ ላይ ታቅፎ ከውስጥ ብቅ አለ። «ሻይ ላፍላልዎት እማማ? ውሃው ከመጣ ማለቴ ነው።»

ክሌም የጋዝ ሲሊንደር በትራክተር ይዞ ሲመጣ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የተገመሰ ፓስቲ፣ ሥጋ የተሞላ ቂጣ፣ ይዟል። የሚስቱን ፊት እንዳየ ገባው። «በሉ ጸጥ በሉ፣ የአየር ትንበያ ሊነበብ ነው። ዛሬ ምንድን ነው? ጎርፍ ነው እሳት?»

«ክሌም፣ አባትህ ይህን መስክ አርሶት ያውቃል?»

«ሣር ነው። ማን ያርሰዋል?»

«የላዩን ያርስ ነበር፣ ሰፊውንም ያርስ ነበር። ይህንን ለምን ተወው?»

ክሌም አኘከ። «አትረስ አለኝ፣ አላረስኩም። አባቴን ለምን የሚል ሰው በቤታችን ነበረ እንዴ?» ሲሊንደሩን አውርዶ ወደ ራስል ዞረ። ክሌም ከወንዙ ማዶ የመጣን ሰው ሁሉ፣ በአገሩ ልማድ፣ ጉንዳን ነው የሚለው፤ ልጁን ያገባውም ቢሆን አልቀረለትም። «አንተ ጉንዳን፣ ና ያዝ፤ እናትየዋ እዚህ ቆማ ምድርን ትጠብቅልናለች።»

ሳቁባት። ሴናራም መሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ካራቫኑን አየችው፤ አራት ጎማ፣ ምድጃ፣ አልጋ፣ የሳህን ካርቶኖች። ከታቹ ያለው ሣር እንደ ሌላው ሣር ነው። ምንም የተለየ ነገር የለውም። እሱ ነው ያስጨነቃት። የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ወጣች።

የዲጎሪ ታናሽ እህት ላቭዴይ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከጸሎት ቤቱ ጎን ከተደረደሩት ቤቶች በአንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሩን ከፍተው ሴናራን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ግቢ የኔ ቆንጆ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አክስቴ።»

«ተመስገን። እንዲያ ከሆነ ዳቦ ብዪ።» ቢጫውን የሳፍሮን ዳቦ ወፍራም አድርገው ቆረጡላት። ሴናራ እጇ ላይ ያዘችው እንጂ አልቀመሰችውም።

«አክስቴ፣ የመስኮቹን ስም ያስታውሳሉ?»

«የራሴን ስም እንደ መጠየቅ እኮ ነው! አስታውሳለሁ እንጂ!» አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ጀመሩ። «ፓርክ አይቲን… ፓርክ አን ፌንተን… ፓርክ ቢየን… ፓርክ አን ግራውስ…» በየስሙ መሐል ዝም ይላሉ። ዝምታው የመርሳት አይደለም፤ የሆነ ነገር እስኪያልፍ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። «…ፓርክ አን ዌል… ፓርክ ሂር። ቤት።»

«ቤት» የሚለው ቃል ሴናራን እንደ መርፌ ወጋት። ሄድራ በጻፈችው ላይ እሱ የለም።

«ለምንድን ነው በመሐል የሚያቆሙት?»

«በር እየዘጋሁ ነዋ! ክፍት ከተዉት ላሞቹ ይመለሳሉ።»

«ከየት ነው የሚጀምሩት አክስቴ?»

ላቭዴይ ዓይናቸውን ገለጡ። «ላሞቹ ካሉበት ነዋ። በጋውን ገደሉ ጋ ነው የሚያድሩት። እኔና ዲጎሪ ሳይነጋ ወርደን፣ ለወተት ይዘናቸው እንወጣለን። አንድ በር፣ አንድ ስም። ጭጋግ ሲሆን እኮ እጅሽም አይታይሽም፤ በስሙ ነው የት እንዳለሽ የምታውቂው። ከቤት ጀምሮ ማን ይቆጥራል? ላም የሌለው ሰው ነው ከቤት የሚጀምር!» ብለው በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ሴናራ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በጣቷ ቆጠረች፤ ከገደሉ ወደ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከገደሉ አምስተኛው ከቤቱ ሁለተኛው ነው።

«ዌል ላይ ስትደርሱ…» አለች ሴናራ።

«ዌል ላይ ስንደርስ በካቡ ዳር ዳር ነበር የምንሄደው። ላም ወደ መሐል ከገባች እናቴ ታብድ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጉድጓዱን በባቡር ሐዲድ እንጨት ከድነው፣ አፈር አልብሰው፣ ሣር አብቅለውበታል። የት ጋ እንደሆነ እናቴም በእርግጥ አታውቅም። መሐል አካባቢ ነው ትለን ነበር።»

«እርስዎ ከመወለድዎ በፊት?»

«አዎን እንግዲህ…» አሮጊቷ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ምን አቁማችኋል?»

ሴናራ ሮጣ ወጣች። መኪናው ውስጥ ሆና ለሄድራ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ለክሌም ደወለች፤ የክሌም ስልክ እንደ ልማዱ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይሆናል። ለራስል ስትደውል ጭራሽ አይሠራም ተባለች። መንገዱ በሁለት ከፍተኛ ካብ መሐል የሚሄድ፣ መኪና ለመኪና የማያሳልፍ ጠባብ ነው። ከመታጠፊያው ላይ አንድ የእንግዳ መኪና ፊት ለፊት መጣባት። ሰውየው የኋላ ማርሽ ማስገባት የማይችል ይመስል መሪውን ጨብጦ ያያታል። ሴናራ ራሷ ወደ ኋላ ሄደች፤ መቶ ሜትር ያህል፣ መስታወቷ ቅጠል እየገረፈው። እሷ ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር ካራቫኑ ወደ ታች የሚወርድ መሰላት። መጀመሪያ አንዱ ጎማ፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ መብራቱ። የሕፃኑ አልጋ ኋላ በኩል ነው። ኋላ በኩል ይሁን፣ መስኮቱ ወደ ባሕር ያሳያል ያለችው እሷ ናት። ሁሉንም ያለችው እሷ ናት።

ስትደርስ መሽቶ ነበር፤ ሰማዩ ባሕሩ ላይ ብቻ ትንሽ ቀልቶ ቀርቷል። የካራቫኑ መስኮት ቢጫ ነው፤ ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል። ሴናራ የመስኩን በር ከፍታ ልትሮጥ እግሯን አነሣችና መለሰችው። ክብደቷ አስፈራት። ካቡን በእጇ እየዳሰሰች፣ በእግር ጣቷ፣ በመስኩ ዳር ዳር ሄደች።

«ሄድራ! ሄድራ፣ ውጪ!»

ሄድራ በሩን ከፍታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ዝም በይ! አሁን ገና ነው የተኛው!»

«ይዘሽው ውጪ።»

«እማዬ፣ በቃ!» ሄድራ በሹክሹክታ ጮኸች። «ባሕሩ ጋ አትሁኑ አልሽ፣ ተውነው። ምድጃውን ቀይሩ አልሽ፣ ቀየርነው። ጭስ ጠቋሚ አልሽ፣ ሦስት ገዛን። ከእንግዲህ ምን ቀረሽ? ሰማዩን እንድናወርድልሽ ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን ሴናራ ታለቅስ ነበር። ሁለቱንም እጇን ካቡ ላይ ደግፋ በቀስታ ተናገረች። «ስሞቹን ከታች ጀምረሽ ቁጠሪያቸው።»

«ምን?»

«አያትሽ ከገደሉ ጀምሮ ነበር የሚቆጥረው፤ ላሞቹን ይዞ ሲወጣ። አንድ በር፣ አንድ ስም። አክስት ላቭዴይ ነገሩኝ። ከታች ጀምሪ ልጄ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ሄድራ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ቃላቱን ከሌላው ነገር ሁሉ አብልጣ የምትወድ ልጅ ስለሆነች ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። «አይቲን፣» አለች፤ ያ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው፤ የገደሉን አፍ ያለበሰው እሱ ነው። «ፌንተን።» ከገደሉ ሁለተኛው ጋ በበጋ እንኳ ቦት ጫማ የሚውጥ ረግረግ አለ፤ ቄጠማው ወገብ ይደርሳል። «ቢየን።» ሦስተኛው መሐረብ ያክላል። «ግራውስ፣ መስቀል…» በአራተኛው መስክ ካብ ውስጥ በጎቹ የሚታከኩበት፣ አንድ ክንዱ የተሰበረ ድንጋይ አለ። ሕፃን ሳለች ትቀመጥበት ነበር።

ቀጣዩን አልተናገረችውም። ከቆመችበት ደረጃ በታች ያለውን ሣር አየች።

ወደ ውስጥ ገባች። ሄድራ ታልዊንን በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ይዛ ወጣች፤ ከኋላዋ ራስል በካልሲ ቆሟል።

«ምን ሆነሻል? ቅድም አስተኛው ብለሽኝ…»

«ራስል፣ ቀስ ብለህ ውረድ። እንዳትዘል።»

«ጫማዬን ላድርግ?»

«አታድርግ። ውረድ።»

እርጥቡን ሣር ረግጠው መጡ። አሥራ ስምንት እርምጃ ነበር፤ ሴናራ ቆጥራዋለች። ሕፃኑን ተቀብላ ካቡ ላይ ተቀመጠች።

ክሌም ወጥ ቤት ውስጥ ራዲዮ እያዳመጠ ነበር። «ትንበያው ደረሰ?» ሲል የሄድራን ፊት አየና ራዲዮውን አጠፋ። ሄድራ ስሞቹን ከታች ወደ ላይ ነገረችው፤ እናቷ አንድ ቃል አልጨመረችም። ክሌም «አትረስ ያለኝ…» አለና ሳይጨርሰው ተነሣ። ዲጂኖውንና ባትሪውን ከጓዳ አወጣ።

«ክሌም፣ ገመድ ወገብህ ላይ እሰር!»

የሚያላግጥባት ሰዓት ነበር። አላላገጠም። ገመዱን ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመና ጫፉን ለራስል ሰጠው። «አንተ ካቡ ላይ ሆነህ ትይዛለህ። ከመስኩ ውስጥ እግርህን እንዳላይ።»

«እሺ።»

«ብወድቅ አትከተለኝ። ጎትት።»

ሴናራ ከመስኮቱ ሆና የባትሪው ብርሃን ካራቫኑን ሲዞር አየች። ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። አንድ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከኋላዋ ሄድራ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣» አለች ሄድራ። «የእያንዳንዱን ትርጉም ጠየቅኩት። አንድም ጊዜ የት ቆመህ ነው የምትቆጥረው አላልኩትም።»

«እዚያ ያስቆምኳችሁ እኔ ነኝ።»

ሄድራ አይደለም አላለቻትም። እጇን ዘርግታ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ያዘች፤ ልጅ ሳለች መንገድ ሲሻገሩ እንደምትይዛት።

ወንዶቹ ሲገቡ ክሌም በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄዶ ለረጅም ጊዜ እጁን ታጠበ። ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው የተናገረው።

«እንጨት ነው። ከኋለኛው ጎማ ሁለት ክንድ አይርቅም። ዲጂኖውን ሳሳርፈው ድምፁ ከታች መጣ። ከሩቅ።» እጁን ጠረገ። «በሩን በሰንሰለት አስሬዋለሁ። ነገ የሚያውቅ ሰው እንጠራለን።»

«ካራቫኑስ?» አለ ራስል።

«ካራቫኑ እዚያው ይቆይ። ከነገ በፊት ማንም አይነካውም።»

ሻይ ተፈላ፤ የጠጣው ግን የለም። ታልዊን በሴናራ እቅፍ ውስጥ ምንም እንዳልተፈጠረ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሴናራ በየጥቂት ደቂቃው ጣቷን አፍንጫው ሥር ታደርጋለች። በመስኮቱ የካራቫኑ መብራት ይታያል፤ ማንም አላጠፋውም። ወለሉን በጫማዋ መታ መታ አደረገች፤ ጠንካራ ድንጋይ ነው። ደግማ መታችው።

ራስል በድንገት ከወንበሩ ተነሣ። «ምድጃው! እንደነደደ ነው የተውነው። ዳይፐሩም፣ ወተቱም እዚያ ነው። ሮጬ…»

«ተቀመጥ፣» አለች ሴናራ።

«አንድ ደቂቃ ነው እማማ፣ በካቡ ዳር…»

«ይቃጠል።»

ከሱ ቀድማ በሩ ጋ ደረሰች። በዚህ ቤት በር የሚቆልፍ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ቁልፉ ከውስጥ በኩል እንደተሰካ ዝጎ ኖሯል። ሴናራ ሕፃኑን ለሄድራ ሰጥታ ዞረችና ቆጠረቻቸው፤ ክሌም፣ ሄድራ፣ ራስል፣ ታልዊን። አንድ ጊዜ አልበቃትም፤ ደገመች። ከዚያ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትከሻዋን በሩ ላይ ደግፋ፣ ጠማዘዘችው። አሻፈረኝ አለ። እንደገና ሞከረች፤ ተንቋቋና ዞረ፣ በሩም ተቆለፈ።